የስለቱ ከበሮ

በከበሮው ቆዳ ላይ አንድም ስርጉድ አልነበረም። ኢንስፔክተር መዓዛ ይህን ያስተዋለችው ግን ዘግይታ ነው። ከንፋስ መውጫ ተነሥታ የገጠሩ ደብር ስትደርስ ከበሮ ሠሪው አያ አበጀ ታጥበው ተገንዘዋል፤ ሰውነታቸው መቼ እንደቀዘቀዘ የሚነግራት የለም። የደብሩ ዕቃ ቤት ወለል ተጠርጓል። ከሬሳው ላይ የተነሣው ከበሮም ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል።

«ከእንጨት ርብራቡ ተንከባሎ ወደቀባቸው» አላት ሚሊሻው። «ጧት ስንገባ ጭንቅላታቸው ተፈንክቶ፣ ከበሮው ደረታቸው ላይ ተደፍቶ ነበር።»

«በየትኛው አፉ?»

«በሰፊው።»

መዓዛ የሰፊውን አፍ ቆዳ በአውራ ጣቷ ጫን አደረገችው። እርጥብ ነው፤ እንደ ሊጥ ገባ፤ ጣቷን ካነሣችም በኋላ ምልክቱ አልጠፋም። ቀና ብላ ርብራቡን አየች። ከትከሻዋ በላይ ነው።

«ከዚያ የወደቀ ቢሆን ቆዳው በተሰረጎደ፣ ጠፍሩም በላላ ነበር» አለች። «ይህን ሰው ነው ቀስ አድርጎ ያስቀመጠው።»

ምነው ጮክ ብላ ባልተናገረችው። የሰው ዓይን ሁሉ ወዲያው ወደ እሱባለው ዞረ። የከበሮውን ግንድ የፈለፈለው አናጢ እሱ ነው፤ በዋዜማው ከሟቹ ጋር ሲጨቃጨቅም ብዙ ሰው ሰምቷል። ሚሊሻው ክንዱን ጨብጦ ወደ ፖሊስ መኪናው ወሰደው። እናቱ ተሾመች ከኋላ ከኋላ ተከተለች። ከእሱ ሌላ ልጅ የላትም።

«ልጄ» አለቻት መዓዛን፣ «ሊመሽ ሲል ትወስጅው ይሆን? ከተማ የገባ እስረኛ መቼ ይመለሳል? እዚያው ታሞ ይቀርብኛል።»

«እትዬ፣ ገና አልወሰድኩትም።»

«መኪናው ግን ፊቱን አዙሮ ቆሟል።»

መዓዛ አስቀድማ አቶ መሐሪን ጠየቀች። ከበሮው የተሠራበትን የዋንዛ ግንድ ከስማዳ ቆላ አስመጥተው ለአዲሱ ቤተ ክርስቲያን ስለት ያገቡት እሳቸው ናቸው።

«እኔ እንኳ ባልናገር ደስ ባለኝ» አሉ ጋቢያቸውን እያስተካከሉ። «ጧት ጀምበር ስትወጣ በዚህ ሳልፍ ከበሮው ሲመታ ሰማሁ። ድም፣ ድም ይላል። አያ አበጀ እየሞከሩት ነው ብዬ አለፍኩ። ዘወር ስል ይህ ልጅ ሲገባ አየሁት።»

«ከበሮ ለመሆኑ እርግጠኛ ነዎት?»

«የከበሮ ድምፅ የማያውቅ ጋይንቴ አለ እንዴ?»

እሱባለው መኪናው ጎማ ሥር ተቀምጦ ነበር።

«በምን ተጣላችሁ?» አለችው።

«በጠባቡ አፍ። እኔ ትንሽ ይስፋ አልኩ። እሳቸው ደግሞ ‹ሰፊው ለቀኝ እጅ፣ ጠባቡ ለግራ ነው፤ ካስተካከልካቸው ሁለቱም አንድ ነገር ያወራሉ› አሉኝ። ይህ ጠብ ነው? አመሻሽ ላይ እኮ ቆዳውን ከውሃ አውጥተን አብረን ነው ያለበስነው።»

መዓዛ መሮውን ከዕቃው መሐል አነሣች። ጫፉ ተሸርፏል።

«ይህስ?»

«ግንዱ ውስጥ ብረት አገኘው። ዛፉ ውጦት ኖሯል። አያ አበጀ ነቅለው መቀነታቸው ውስጥ ከተቱት። ‹አንተ ዝም በል፤ መጀመሪያ ባለ ዛፉን ልጠይቅ› አሉኝ።»

ሟቹን የገነዙት መሪጌታ ቀለመ ወርቅ ናቸው። እሳቸውም ከበሮው ከአገሩ ሁሉ ይግዘፍ ብለው ከአበጀ ጋር ተኳርፈው ነበር።

«‹እንዲህ ያለውን በቅሎ እንጂ መዘምር አይሸከመውም› ብሎ በተማሪዎቼ ፊት ሳቀብኝ» አሉ። «ለአኩራፊ ምሳው እራቱ ነው ይሉ የለ? ሳንታረቅ ሄደ።»

«ሲገንዟቸው ከመቀነታቸው የወደቀ ነገር አልነበረም?»

መሪጌታ ፈራ ተባ ብለው ከኪሳቸው ጨርቅ አወጡ። «የሥራ ዕቃው መስሎኝ ነው፤ ለቤተ ሰቡ ልሰጥ።»

በጨርቁ ውስጥ ዝገት የበላው ወፍራም ቀለበት ነበር፤ የተበጠሰ ሰንሰለት ተንጠልጥሎበታል።

ጀምበር ስታዘቀዝቅ መዓዛ ሁሉንም ወደ ዕቃ ቤቱ ደጃፍ ጠራች። ከበሮውን መሐል አስቀመጠችው። ተሾመች መቀመጥ አልሆነላትም፤ ቁጭ ትላለች፣ ትነሣለች፣ መኪናውን ታያለች።

«መሪጌታ፣ እስኪ ይምቱልኝ።»

መሪጌታ በመዳፋቸው መቱት። ጧ አለ፤ እርጥብ ጭቃ በጥፊ የመቱ ያህል። ደግመው ቢመቱት ያው ነው።

«እርጥብ ቆዳ አይጮህም» አሉ። «በዚህ ደጋ ደግሞ ለመድረቅ ቀናት ይፈጅበታል።»

«እንግዲያው አቶ መሐሪ፣ ዛሬ ጧት የሰሙት ድም ድም የለም» አለች መዓዛ። «ቆዳው በአንድ ሌሊት የሚደርቅ መስሎዎት ነው። አያ አበጀ ጧት በሕይወት ነበሩ ያሉት እርስዎ ብቻ ነዎት። እንዲህ የሚል ሰው ማታ የት እንደነበረ እንዲጠየቅ አይፈልግም።»

«እኔ ከአበጀ ጋር ምን ጠብ አለኝ?»

መዓዛ ቀለበቱን ለመሪጌታ ሰጠች። «ይህ ከዋንዛው ሆድ የወጣ ነው። ምንድን ነው?»

መሪጌታ አገላብጠው አዩት። ፊታቸው ተለወጠ። «የደወል ማንጠልጠያ ነው። ድሮ ደወል የሚሰቀለው ዛፍ ላይ ነበር።»

«በሰው ማሳ ውስጥ ባለ ዛፍ ላይ?»

«ኧረ እንዴት ተደርጎ። በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ነው እንጂ።»

ከዳር የቆሙ አንድ ሽማግሌ በጉሮሯቸው ሳቁ። «ከአንዱ ታቦት ሰርቆ ለሌላው ታቦት ስለት!»

«አያ አበጀ ይህን አውቀዋል» አለች መዓዛ። «ማታ እሱባለው ከሄደ በኋላ ባለ ዛፉን ጠየቁ። ከዚያ ከበሮው ከርብራቡ ወረደና ሟች ላይ ተቀመጠ። የወደቀ እንዲመስል።»

መሐሪ ድንጋዩ ላይ ቁጭ አሉ።

«ልጄን ቃልኪዳንን እናቷን የገደለው በሽታ ያዛት» አሉ። «ብትተርፍልኝ አቻ የሌለው ከበሮ አገባለሁ አልኩ። ተረፈች። የእኔ ዋንዛ ግን ቀጭን ሆነ። ቆላ ውስጥ አገልጋይ የሌለው ፍርስራሽ ደብር ነበር፤ ከዚያ ቆረጥኩ። አበጀ ለምእመኑ እነግራለሁ አለ። ስለቴ ከተመለሰ ልጄም የምትወሰድብኝ መሰለኝ። ገፋሁት። የዕቃ ቤቱ ደረጃ ድንጋይ ላይ ወድቆ ቀረ፤ ወደ ውስጥ ጎትቼ አስገባሁት። አንዴ ብቻ ነው የገፋሁት።»

«የእኔንስ ልጅ?» አለች ተሾመች።

መሐሪ ፊታቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ።

መኪናው እሳቸውን ይዞ ቁልቁል ሲወርድ ተሾመች የእሱባለውን እጅ እንደጨበጠች ነበር። የቤቷን መንገድ ትታ ወደ መሐሪ ግቢ ታጠፈች።

«ወዴት ነው እማ?»

«ልጅቱ ብቻዋን ናት።»

«የእሱ ልጅ?»

«የማንስ ብትሆን? ሰው በንዴት ድንጋይ ቢወረውርባት? ያ በሽታ ቢነሣባት?»

ቃልኪዳን መደቡ ላይ ሆና አባቷን ትጠብቅ ነበር። ተሾመች ምንም ሳትነግራት ነጠላዋን አለበሰቻትና ይዛት ሄደች። ቤት ሲደርሱ በግድግዳው በኩል አስተኛቻት፤ እሱባለው በሩ አጠገብ ጋደም አለ።

«አባዬ ቢመጣ በምን ይገባል?» አለች ልጅቱ።

ተሾመች መቀርቀሪያውን እንደያዘች ቆመች።

«ያንኳኳል» አለች፤ ከዚያ በሩን ቀረቀረችው።