ቆጮ የማይጭን ፒክአፕ

ማንበብ የማይችል ሰው መስማትም የማይችል ይመስላቸዋል። ልጄ ሙሐዲን ከስሱ ግድግዳ ማዶ ቆሞ፣ ከትምህርት ቤት የተመለሰች ልጁን ሲያባብላት እያንዳንዷን ቃል ሰማሁ።

«ነገ ውሉን ስታነቢላት ሰባተኛዋን ገጽ ዝለያት። ሁለቱን ወረቀት አንድ ላይ ገልብጫቸው፣ በቃ። እማዬ እንደሆነ አታውቅም።»

«ለምን ግን?» አለች ሲሃም። አሥራ አምስት ዓመቷ ነው፤ ለምን ሳትል አንድ ብርጭቆ ውሃ አታቀብልም።

«ከሰማች አትፈርምማ! አታካብጂ ደግሞ፣ ትንሽ ነገር ናት። መኪናዋ ትግባልን እንጂ ጠዋት ጠዋት ቤቴል ትምህርት ቤትሽ በር ላይ ነው የማወርድሽ። የአየር ጤናን የታክሲ ሰልፍ ቻው ትያታለሽ!»

ሲሃም እሺም እምቢም አላለችም። እኔም እንዳልሰማ ሆኜ ተቀመጥኩ።

ኮልፌ ገበያ ቆጮ መሸጥ ከጀመርኩ ሠላሳ ስምንት ዓመቴ ነው። ቆጮውን ከጉራጌ አገር የማስመጣው በሰው አይሱዙ ነው። ባለ አይሱዙው ሲመቸው ይመጣል፤ ሳይመቸው ጭነቴን ፀሐይ ላይ ሲያሰጣው ይውላል። ስቆጣው «የራስዎን ይግዙ እንግዲህ» ብሎ ይስቃል። ልግዛ አልኩ። ያጠራቀምኩት የአንድ አዲስ ፒክአፕ ዋጋ ከሦስት እጅ ሁለቱን ይሸፍናል። አንድ ዓመት ብታገሥ ይሞላል።

ሙሐዲን ግን መታገሥ አልፈጠረበትም፤ የኪራይ ውል የሚሉትን ነገር ይዞ መጣ። ጥቂት ቅድሚያ ከፍለሽ መኪናውን ዛሬውኑ ትወስጃለሽ፣ አራት ዓመት በየወሩ ትከፍያለሽ፣ በመጨረሻ ትመልሻለሽ ወይም የቀረውን ዋጋ ጨምረሽ ታስቀሪያለሽ። ክፉ ነገር አይደለም፤ ለሚሆነው ሰው ይሆናል። እኔን ያንገበገበኝ፣ ለእኔ መሆን አለመሆኑን የሚወስንልኝ ሌላ ሰው መሆኑ ነው።

ያኔውኑ ገብቼ ላዋርደው እችል ነበር። ግን ሙሐዲንን አውቀዋለሁ፣ እኔው ነኝ የወለድኩት። ያላወቅኳት ልጅቷን ነበር።

በማግስቱ፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ ሦስታችን ወደ አከራዩ ድርጅት ሄድን። ቢሮው መስታወት በመስታወት ነው። በመስታወቱ ማዶ ነጭ ባለ ደብል ጋቢና ፒክአፕ ቆሟል፤ ካሶኒው ውስጥ ገና አቧራ እንኳን አልገባም። ሙሐዲን ዓይኑን ከእሱ መንቀል አቃተው። ጥሩሰው የሚባለው ሠራተኛ ተነሥቶ ሰላም አለኝ፤ ከዚያ ፊቱን ወደ ልጄ አዞረ።

«ከእናትህ የሚጠበቀው አሻራ ብቻ ነው» አለው።

«እናቱ እዚህ ተቀምጣለች» አልኩ። «ለእኔ ንገረኝ።»

«ይቅርታ እማማ!» አለና ሙሐዲንን እያየ ቀጠለ። «እንደነገርኩህ፣ ክፍያው የሚጀምረው ከሚቀጥለው ወር ነው...»

ውሉ ይነበብልኝ አልኩ። ሲሃም ወረቀቱን ተቀበለች። ንባቧ ጥሩ ነው፤ አትንተባተብም፣ ያልገባኝን ቆም ብላ ታስረዳኛለች። ስድስተኛው ገጽ መጨረሻ ስትደርስ ግን ድምጿ ሰለለ። ከዚያ ገለበጠች።

ዕድሜ ልኬን የቆጮ መጠቅለያ ኮባ ስገልጥ ኖሬአለሁ። አንድ ቅጠልና ሁለት ቅጠል ሲገለጥ ድምፁ አንድ አይደለም። ይኼ ሁለት ነበር።

አላስቆምኳትም። እሷም እስከ መጨረሻው አነበበችና ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው፤ እጇን ግን አላነሣችም። ጥሩሰው የማህተም ቀለሙን ገፋ አደረገልኝ። አውራ ጣቴን ነከርኩ። ባትናገር እኔው እናገር ነበር፤ የሠላሳ ስምንት ዓመት ልፋቴን በሕፃን ልጅ ላይ ቁማር አላስይዝም። ቢሆንም ጣቴን ወደ ወረቀቱ የወሰድኩት በጣም ቀስ ብዬ ነው።

«እማማ፣ ይቆዩ!»

ሲሃም ወረቀቱን ከጣቴ ሥር መነጨቀችው።

«አንድ ገጽ አላነበብኩም። ሰባተኛውን።»

«ሲሃም!» አለ አባቷ።

«ሼም ነው አባዬ። የራሳቸው ብር ነው እኮ።» ዓይኗን አልሰበረችም።

ገጹን ልትፈልግ ስትል ያዝኳት። «አንቺ የራስሽን ጨርሰሻል። እሱ ያንብብ።»

ሙሐዲን ወረቀቱን ተቀብሎ ለራሱ አጉተመተመ።

«ጮክ በል» አልኩት። «ትናንት ከግድግዳው ማዶ እንኳን ይሰማኝ ነበር።»

ፊቱ በርበሬ መሰለ። አነበበ። «ተከራይ ፈሳሽ የሚያንጠባጥብ ወይም ሽታ የሚተው ጭነት መጫን አይችልም። ያለ አከራዩ የጽሑፍ ፈቃድ ተሽከርካሪውን ከአዲስ አበባ ውጭ ማንቀሳቀስ አይችልም።»

«ቆጮዬ ውሃም አለው፣ ሽታም አለው፣ የሚመጣውም ከአዲስ አበባ ውጭ ነው» አልኩ። «ታዲያ ምን ልጭንበት ነው? አንተን?»

ጥሩሰው ሊስቅ ብሎ ሳል አስመሰለው።

«እናጥበዋለን እማዬ! ማን ያሸታል?»

«ሠላሳ ስምንት ዓመት በአደባባይ የሸጥኩትን ቆጮ አራት ዓመት ተደብቄ ልጫን? ምን ሰርቄ?»

«ለዓመት የመኪና ዋጋ የት እንደሚደርስ ታውቂያለሽ? በየወሩ ነው የሚጨምረው!»

ይኼስ እውነቱን ነው። አውቃለሁ። ባለ አይሱዙውም አንድ ዓመት ሙሉ ሊስቅብኝ ነው። «ይጨምር» አልኩ። «እኔም እጨምራለሁ። ዕቃዬን የሚጸየፍ መኪና ግን ቤቴ አይገባም። የራሴን እገዛለሁ፤ ስገዛው ቆጮ ካሰኘኝ ቆጮ፣ ፍግ ካሰኘኝ ፍግ እጭናለሁ!»

ሲሃም በመስታወቱ ማዶ የቆመውን ነጭ ፒክአፕ አንዴ አየችው። ከዚያ ቦርሳዋን አንሥታ ትከሻዋ ላይ አንጠለጠለች። «ሰኞ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ከወጣሁ ሰልፉ ብዙም አይደለም» አለች፣ ለማንም ሳይሆን።

ጥሩሰው ጉሮሮውን ጠረገ። ከሰላምታው ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ እኔን እያየ ተናገረ። «እማማ፣ በሽያጭም እንሰጣለን። ገንዘቡ ሲሞላልዎት ይምጡ።»

«የሽያጩ ውል ስንት ገጽ ነው?»

«አራት።»

«ዛሬ ስጠኝ። ከመግዛቴ በፊት የማስብበት ዓመት ሙሉ አለኝ።»

ከመሳቢያው አወጣና ዘረጋ። እጁ እንደለመደው ወደ ሙሐዲን ነው የሄደው፤ ሙሐዲንም ሊቀበል እጁን ሰደደ።

በቀለም የጠቆረ ጣቴን ጠረጴዛው ላይ አሳረፍኩ።

«ለእሱ አይደለም» አልኩት። «አራቱንም ገጽ እየቆጠርክ፣ ለእሷ ስጣት።»