ለጸሎት ብቻ

«አባቷ ለታሰረባት ለሳቂታ እንጸልይ» አለ ሰብሳቢው፣ ዓይኑን እንደ ጨፈነ።

ዘማሪዋ ዓይኗን ገለጠች። በምሳ እረፍት የሚሰበሰቡት የጸሎት ጓደኞቿ በቤተ ሙከራው ጠረጴዛ ዙሪያ አንገታቸውን ደፍተዋል። ነገሩን ወደዚህ ክፍል ያመጣችው እሷ ራሷ ናት። «ለጸሎት ብቻ ነው፣ ከዚህ እንዳይወጣ» ብላ ነበር። አንዷ ለእህቷ ለጸሎት ነገረቻት፣ እህቷም ለጓደኛዋ ለጸሎት ነገረች፤ ሳምንት ሳይሞላ ትምህርት ቤቱ በሙሉ አወቀ። ስንቱ እንደጸለየ ግን እግዜር ይወቀው።

አሁን ሳቂታን «የእስረኛ ልጅ» እያሉ ይጠቋቆሙባታል። አጠገቧ የሚቀመጥ ጠፍቷል።

ጠዋት በትምህርት ቤቱ በር ላይ ሳቂታ ዘማሪዋን ይዛ ወደ ጥግ ወስዳት ነበር።

«ያወራችው የአክስቴ ልጅ ናት። ከእሷና ከአንቺ በቀር ለማንም አልነገርኩም።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«አንቺማ ክርስቲያን ነሽ! ባትሆኚ ኖሮ መቼ እነግርሽ ነበር?» ሳቂታ እንባዋን በሹራቧ እጅጌ ጠረገች። «አንድ አልጋ ላይ ነው የምንተኛው፣ ጀርባዬን ሰጥቻት አድራለሁ። አልቅሳ ማለችልኝ እኮ፤ አላመንኳትም።»

ዘማሪዋ ደወሉ ሲደወል እንደ መገላገል ቆጥራው ሮጠች፤ በዚህም ራሷን ጠላች።

ጸሎቱ አልቆ «አሜን» ሲባል ሰብሳቢውን እጅጌውን ያዘችው።

«እኔ እንደሆንኩ ልነግራት ነው።»

«ኧረ ባክሽ ነገር አታካብጂ! ከዚህ ክፍል እንደወጣ ብትሰማ ምን ትላለች? የጌታን ስም እናሰድባለን። ይልቅ በጸሎት እንያዘው።»

«ያሰደብነውማ ድሮ ነው። ያልሰማችው እሷ ብቻ ናት።»

ከልጅነቷ ጀምሮ አብረዋት የዘመሩት ሁሉ መጽሐፋቸውን ማገላበጥ ጀመሩ። አንዱ እንኳ «አብሬሽ ልሂድ» አላላትም። ከዚህ ከወጣች እንደ በፊቱ እንደማይቀበሏት ገብቷታል፤ ሳቂታም ብትሆን ከሰማች በኋላ ፊቷን ልታዞርባት ትችላለች። በሁለቱም በኩል ብቻዋን መቅረቷ ነው። ቢሆንም ቦርሳዋን አንሥታ ወጣች።

ሳቂታ ከመጻሕፍት ቤቱ ጀርባ ደረጃው ላይ ብቻዋን ምሳዋን ትበላለች። ዘማሪዋን ስታይ ፊቷ በራ፤ ቦርሳዋን ወደ ጎን ገፋ አድርጋ ቦታ ለቀቀችላት።

«ነይ ቁጭ በይ! የምትመጪ አልመሰለኝም ነበር።»

ዘማሪዋ ቆማ ቀረች።

«ቆይ፣ መጀመሪያ የምነግርሽ አለ» አለች። «ከሰማሽ በኋላ ቁጭ በይ ካልሽኝ እቀመጣለሁ።»