ላባ ነው፣ ሌባ አይደለም!

ጆሮ አለ? «አለ!» በሉ። እንግዲያው ስሙኝ፤ ዛሬ የምወስዳችሁ እንቁላል ውስጥ ነው።

እንቁላሉን ታቅፋ የተኛችው ገብስሜ ናት። ነጭና ጥቁር የተዥጎረጎረች፣ ኩሩ ዶሮ!

ውጭ የሐምሌ ዝናብ ዷ! ዷ! ዷ! ይላል። እንቁላሉ ውስጥ ደግሞ አንዲት ጫጩት ተጠቅልላ ትጠብቃለች፤ ስሟ ሚጢጢ ነው።

የሚጢጢ ጀርባ ላባ አውጥቷል። ሆዷም አውጥቷል፣ ክንፏም አውጥቷል። አንገቷ ግን… መላጣ!

«ኧረ በረደኝ!» አለች ሚጢጢ። «ከነገ ወዲያ መውጫዬ ነው። ባዶ አንገቴን ይዤ ዝናብ ውስጥ እንዴት እወጣለሁ?»

የሚጢጢ አንገት ላይ አንዲት ትንሽ፣ በጣም ትንሽ፣ በዓይን የማትታይ ክፍል አለች። ሕዋስ ትባላለች። የአንገቷ ላባ የሚሠራው እዚያ ነው።

እዚያች ክፍል ውስጥ ሽውታ አለች። ሽውታ መልእክተኛ ናት፤ ሥራ የጀመረችው ገና ዛሬ ነው።

«ሽው! ሽው!» ትላለች ስትሮጥ። «ለሚጢጢ ላባ የማስደርስላት እኔ ነኝ! አንገቷን የማሞቅላት እኔ ነኝ!»

ሽው! ሽው! መሃል ያለው ጓዳ ደረሰች። በሩን ኳ! ኳ! ኳ!

«ማነው?» አለ ከውስጥ የአሮጊት ድምፅ።

«እኔ ነኝ እማማ፣ ሽውታ!»

«ግቢ የኔ ልጅ። ግን እግርሽን ሰብሰብ አድርጊ፤ እንዳትረግጪኝ!»

እማማ ጥምዝምዝ ናቸው። ረጅም መሰላል ይመስላሉ፤ ግን እንደ ገመድ የተገመደ መሰላል። ጥምዝ! ጥምዝ! ጥምዝምዝ! እናንተም በሉ እንጂ!

ትልልቅ ሰዎች «ዲኤንኤ» ይሏቸዋል። እኛ ግን እማማ ጥምዝምዝ እንላቸዋለን፤ ያምርባቸዋል።

«እማማ፣ ምነው እንዲህ ረዘሙ?» አለች ሽውታ።

«ብዙ ነገር ተጽፎብኝ ነዋ!» አሉ እማማ ጥምዝምዝ።

እውነታቸውን ነው። የሚጢጢ ምንቃር፣ የሚጢጢ ጥፍር፣ የሚጢጢ ዓይን፣ ሁሉም እሳቸው ላይ ተጽፏል። ግማሹ ከእናቷ ከገብስሜ የመጣ ነው፤ ግማሹ ደግሞ ከአባቷ፣ ከቀዩ አውራ ዶሮ።

በስንት ፊደል የተጻፈ ይመስላችኋል? እኛ ሀ፣ ሁ፣ ሂ እያልን ምላሳችን እስኪዝል ሁለት መቶ ምናምን ፊደል እንቆጥራለን። እማማ ጥምዝምዝ ያሏቸው ፊደላት ግን አራት ብቻ ናቸው!

አራት! በአራት ፊደል አንዲት ሙሉ ዶሮ! ወይ ጉድ፣ እኔ ራሴ ባሰብኩት ቁጥር ይገርመኛል።

ሽውታም አፏን ከፍታ ቀረች። «እማማ፣ እንግዲያው እርስዎ ራስዎ ይምጡና ላባ ሠሪው ያንብብዎት! እኔ በወረቀት ገልብጬ ከምወስድለት ይሻላል።»

«አይሆንም ልጄ። እኔ ከጓዳ አልወጣም። ወጥቼ ብበጠስ ስለ ሚጢጢ ማን ይናገራል? ገልብጠሽ ውሰጂ። ግን ቀስ ብለሽ፤ አንዷን ሳትጨምሪ፣ አንዷን ሳትቀንሺ!»

ከዚያም እማማ ጥምዝምዝ እንደ ዚፕ ጠርርር ብለው ከመሃል ተከፈቱ። የአንገት ላባ የተጻፈበት ቦታ ፍንትው ብሎ ታየ።

የተጻፈውን በኛ ፊደል ልንገራችሁ፤ በሳቸው ፊደል ካልን ዛሬ አንተኛም። «ቀይ ላባ ሥራ» ይላል።

ሽውታ ግን ቀስ ማለት የት ታውቃለች? ጫር! ጫር! ጫር! አደረገችና፣ ሽው! በረረች።

ስትቸኩል የ«ላ» እግር ላይ ትንሽዬ ቀለበት ጣል አድርጋበታለች። «ላ» ቀለበት ሲያጠልቅ ማን ይሆናል? «ሌ»!

ሽውታ አላየችም። ሽው! ሽው! ጋሼ ሰካሰካ ዘንድ ደረሰች።

ላባ ሠሪው ጋሼ ሰካሰካ ዶቃ ሰኪ ናቸው። ፊደሉን ሦስት ሦስት እያደረጉ ያነባሉ፤ ለሦስት ፊደል አንድ ዶቃ ይሰካሉ። ዶቃውን የሚያመጡላቸው ተሸካሚዎች አሏቸው።

ዶቃው በተራ በተራው ሲሰካ ፕሮቲን ይሆናል። ላባ ራሱ ፕሮቲን ነው!

ጋሼ ሰካሰካ መነጽራቸውን አስተካከሉና አነበቡ። «ቀይ… ሌ… ባ… ሥራ። ሌባ? የኔ ልጅ፣ ይሄ ነገር…»

«ኧረ ቶሎ ይሥሩልኝ ጋሼ! ሚጢጢ በርዷታል!»

«እሺ፣ እኔ ምን ቸገረኝ!» አሉ ጋሼ ሰካሰካ። «እኔ የተጻፈውን ነው የምሠራው፤ አንዷን ሳልጨምር፣ አንዷን ሳልቀንስ!»

ሰካ! ሰካ! ሰካ! ዶቃው ረዘመ። ሰካ! ሰካ! ሰካ! ተጠቀለለ፣ ተጣጠፈ፣ ከዚያም ብድግ አለ።

ላባ ነው? የምን ላባ! ቀይ፣ ጣተ ረጅም፣ ዓይኑ የሚቅበዘበዝ ሌባ!

ላፍ! አንድ ዶቃ ወሰደ። ላፍ! ሌላ ዶቃ። ላፍ! የጋሼ ሰካሰካን መነጽር!

«ሌባ! ሌባ! ያዘው!» ተሸካሚዎቹ ግር ብለው ወጡ።

ደግነቱ ክፍሏ የጽዳት ሠራተኞች አሏት። የተበላሸ ነገር ካገኙ ይፈቱታል። ሌባውን ጥግ አስይዘው ፈታ! ፈታ! ፈታ! አደረጉት፤ ተመልሶ ዶቃ ሆነ።

መነጽሩም ተገኘ። አንድ ቀን አለፈ፤ የሚጢጢ አንገት ግን አሁንም መላጣ ነው።

«ብርድ ብርድ አለኝ» አለች ሚጢጢ ከሩቅ። «መውጫዬ እኮ ነገ ነው!»

ሽውታ መሬት ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። «አሞቅላታለሁ ብዬ እኔው ባዶዋን አስቀረኋት! ሁሉን ነገር አበላሸሁ!»

ጋሼ ሰካሰካ አጠገቧ ቁጭ አሉ። «አይዞሽ። ምኑን ነው ያበላሸሽው?»

«ጽሑፉን ነዋ!»

«የቱን ጽሑፍ?»

ሽውታ ወረቀቷን አየች። ከዚያ ወደ ጓዳው አየች። እንባዋን ጠረግ አደረገች።

«ወረቀቴ ነው የተበላሸው! እማማ ጥምዝምዝ ግን ምንም አልሆኑም! ለካ ከጓዳ የማይወጡት ለዚህ ነው!»

«እንዴታ!» አሉ ጋሼ ሰካሰካ። «በይ ተነሺ!»

ኳ! ኳ! ኳ! «ማነው?» «ሽውታ ነኝ እማማ።»

«ሌባ አስገባሽብን አሉ!» አሉ እማማ ጥምዝምዝ፤ ሳቃቸው መጥቶ መሰላሉ ሁሉ ተንቀጠቀጠ። «ነይ የኔ ልጅ። እኔ እዚሁ ነኝ።»

አሁንም ጠርርር ብለው ተከፈቱ። ሽውታ በጣቷ እየነካች፣ ፊደል በፊደል ገለበጠች። «ላ። እግሩ ላይ ቀለበት የለም። ባ። ላ… ባ።»

ቀጭ! ሲነጋጋ የሆነ ነገር ተሰማ። ሚጢጢ ቅርፊቱን መምታት ጀምራለች!

ሽውታ ወረቀቷን ብድግ አደረገች። ብትሮጥ ደስ ባላት! ግን እንደገና ከላይ እስከ ታች አነበበችው፤ አንዷን ሳትጨምር፣ አንዷን ሳትቀንስ።

ከዚያ… ሽውውው!

«ቀይ… ላ… ባ… ሥራ» አሉ ጋሼ ሰካሰካ። «አሃ! ይሄ ነው እንጂ!»

ሰካ! ሰካ! ሰካ! አንድ። ሰካ! ሰካ! ሰካ! ሁለት። በዚያችው በአንዲት ወረቀት ደጋግመው፣ ደጋግመው ሠሩ። ተሸካሚዎቹ ላብ በላብ ሆኑ።

ቀጭ! ቀጭ! «ትንሽ ቆይ ሚጢጢ!» ሰካ! ሰካ! ቀጭ! ቀጭ! «ትንሽ ብቻ!» ሰካ! ሰካ! ሰካ!

ቀጨጭጭ! እንቁላሉ ተሰነጠቀ።

ሚጢጢ ወጣች። መጀመሪያ እርጥብ ነበረች፤ ከእናቷ ሆድ ሥር ጥቂት ስትቆይ ግን ላባዋ ደረቀ፣ ለሰለሰ።

በዶሮ ቤቱ በር ቀዳዳ የሐምሌ ነፋስ ገባ፤ ቀጥ ብሎ ወደ ሚጢጢ አንገት። እማማ ጥምዝምዝ፣ ጋሼ ሰካሰካ፣ ሽውታ፣ ሁሉም ጆሯቸውን አቆሙ።

«እማ!» አለች ሚጢጢ።

«ወዬ፣ የኔ ሆድ!»

«አንገቴ አልበረደኝም!»

ገብስሜ ልጇን በምንቃሯ እያገላበጠች አየቻት። «እሰይ! እሰይ! ጀርባዋ ቁርጥ እኔን! አንገቷ ደግሞ ቁርጥ አባቷን!»

ሽውታ ይህን ስትሰማ እየሳቀች አለቀሰች። ጋሼ ሰካሰካም መነጽራቸውን አወለቁ፤ ዓይኔ ውስጥ አቧራ ገባ አሉ። አቧራ እንኳ አልነበረም።

ገብስሜ ክንፏን አነሳች፤ ሚጢጢ ሥሯ ገባች። ቀይ አንገቷን ብቻ ብቅ አድርጋ ዝናቡን አየችው፣ አየችው… እንቅልፍም ወሰዳት።