የኃይሌ ግሬደር ጉልበት

የኔአለም አያቷን ያየቻቸው እሳቸው ሳያዩዋት ነው። ከፍል ውሃው መታጠቢያ እስከ መንገዱ ድረስ ሠላሳ ስምንት የድንጋይ ደረጃ አለ። እሳቸውም ከዘራቸውን ብብታቸው ውስጥ ሸጉጠው፣ በአንድ እጃቸው የሰው ባልዲ አንጠልጥለው፣ እያፏጩ ይወጡ ነበር። አንዳንዱን ደረጃ እንዲያውም ይዘሉታል።

እሷ ከደረጃው አናት ላይ፣ ቀዝቃዛው ምንጭ አጠገብ ቁጢጥ ብላ ከጀነት ጋር ጄሪካን እየሞላች ነበር። ጀነት እነየኔአለም ክፍል የተከራዩበት ቤት ባለቤት የልጅ ልጅ ናት። ሁለቱም አሥራ አራት ዓመታቸው ነው። ከተዋወቁ ገና አምስት ቀናቸው ቢሆንም እንደ አብሮ አደግ መነታረክ ጀምረዋል።

«እኒያ የአንቺ አያት አይደሉም እንዴ?» አለች ጀነት። «ጉልበታቸውን ታመዋል ያልሽኝ?»

የኔአለም ብድግ አለች። አያቷ ቀና ሲሉ ዓይን ለዓይን ተጋጩ። ፉጨቱ ተቋረጠ። ከዘራው ከብብታቸው ወጥቶ መሬት ነካ፤ ቀኝ እግራቸውም ወዲያው ማነከስ ጀመረ።

«የሚያምዎት ግራው ነበር እኮ፣ አባባ።»

አያቷ ጎንበስ ብለው እግራቸውን አዩ። «ወደ ቀኝ ዞሯል» አሉ።

ጀነት የጎነጨችው ውሃ በአፍንጫዋ ወጣ። የምንጩ ውሃ እንደ አምቦ ውሃ ምላስ የሚቆነጥጥ ነውና፣ እያስነጠሰች እየሳቀች ጄሪካኗን አንስታ ሸሸች።

ጨው ምንጭ ከሮብ ገበያ ወደ ጮቄ ተራራ ሽቅብ የሚሄደው መንገድ የሚያልቅባት ትንሽ ከተማ ናት። አንድ መንገድ፣ በግራና በቀኙ የቆርቆሮ ቤቶች፣ ከቤቶቹ ጀርባ የድንችና የገብስ ማሳ፤ በቃ። ሰው የሚያውቃት በውሃዋ ነው። ከገደሉ ሥር የሚፈልቀው ሙቅ ውሃ ገና የተጫረ ክብሪት ይሸታል፤ ጠዋት ጠዋት እንፋሎቱ ደረጃውን ይሸፍነዋል። ከላይ ያለው ቀዝቃዛ ምንጭ ደግሞ የሚፈስበትን ድንጋይ ሁሉ እንደ ዛገ ብረት አቅልቶታል። ወገቤን ያለ፣ ጉልበቴን ያለ ከቁይም ከአማኑኤልም ይመጣል።

የኔአለም ስትመጣ ደስ ብሏት አልነበረም። የመንፈቅ ዓመቱ ዕረፍት ሁለት ሳምንት ብቻ ነው። ቅዳሜ ደግሞ ደብረ ማርቆስ ውስጥ የትምህርት ቤቶች የመረብ ኳስ ውድድር ፍጻሜ አለ፤ ለአጥቂዎቹ ኳስ የምታመቻቸው እሷ ናት። ግን እናቷ ነርስ ናት፤ ፈረቃዋን ጥላ መምጣት አልቻለችም። አባባ ባለፈው ክረምት መታጠቢያ ቤት ውስጥ ተንሸራተው ከወደቁ ወዲህ ደግሞ ብቻቸውን የትም እንዲሄዱ አትፈልግም። «ቅዳሜ ሄዳችሁ በሳምንቱ ዓርብ ትመለሳላችሁ» ብላ ሁለቱንም ሚኒባስ ላይ አሳፈረቻቸው። ዛሬ ሐሙስ ነው።

አያቷ ባልዲውን አስቀምጠው ከጎኗ ድንጋዩ ላይ ተቀመጡ። ለመቀመጥ ምንም አልተቸገሩም።

«መቼ ነው የዳነው?» አለች የኔአለም።

«ማክሰኞ። ሰኞም ደህና ነበር፤ ማክሰኞ ግን ጨርሶ ለቀቀኝ።»

«ታዲያ ለምን ያነክሳሉ?»

«ዳነ ከተባለች እናትሽ ነገ ውረዱ ትላለች።» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ዛሬ ስትደውል ገና አልተሻለውም በያት። አንድ ሳምንት ይጨመርለት ብለዋል በያት። አንቺን ታምናለች።»

«ማን ነው ይጨመርለት ያለው?»

«እኔ።»

የኔአለም ሳቋ መጣና ዋጠችው። «እኔስ፣ አባባ? ቅዳሜ ፍጻሜ አለብኝ።»

አያቷ ጆሯቸውን አሻሹ። «ረስቼው ነው» አሉ። «ውይ፣ ፍጻሜሽን ረስቼው ነው።» ከዚያ ተነሡና ባልዲውን ያዙ። ጥቂት ራመድ ብለው ቆሙ። «ማርቆስ ምን እንደምሠራ ታውቂያለሽ? በረንዳው ላይ ተቀምጬ ባጃጅ እቆጥራለሁ። ሰማያዊውን ለብቻ፣ የታፔላ ቁጥሩ የጠፋውን ለብቻ። እናንተ እስክትመጡ።»

ይህን ብለው ሄዱ። በሁለቱም እግራቸው ደህና አድርገው እየረገጡ።

የኔአለም ምሳ ሰዓት ላይ ወደ ማደሪያቸው ስትመለስ፣ ከሱቁ በረንዳ የሚመጣው ሳቅ ከሩቅ ይሰማ ነበር። ሱቁም ከጀርባ ያሉት የኪራይ ክፍሎችም የጀነት አያት የጋሽ አብዱልቃኒ ናቸው። አምስት ስድስት ሽማግሌዎች አግዳሚው ላይ ተደርድረዋል። ከመካከላቸው ፎጣ አንገታቸው ላይ ጥለው የተቀመጡት አባባ ናቸው። በረንዳው ላይ ማንም ኃይለ ሚካኤል ብሎ አይጠራቸውም። ኃይሌ ግሬደር ነው የሚሏቸው።

«ነይ ተቀመጪ» አሏት ጋሽ አብዱልቃኒ። «መንገዱ እዚህ ጋ ለምን እንደሚጎብጥ አያትሽ ነግሮሻል?»

«አልነገሩኝም።»

«ታዲያ ምን ነግሮሻል?»

የኔአለም አሰበች። አያቷ በወጣትነታቸው መንገድ ሥራ ላይ እንደነበሩ ታውቃለች። ግሬደር የሚባለውን፣ በሆዱ ስለት አፈር እየገፋ መንገድ የሚያስተካክለውን ትልቅ ማሽን ይነዱ እንደነበርም ሰምታለች። ከዚያ ሌላ አልጠየቀቻቸውም።

«የዛሬ አርባ ዓመት እዚህ የበቅሎ መንገድ ብቻ ነበር» አሉ ጋሽ አብዱልቃኒ። «እኔ ጨውና ጋዝ በበቅሎ ነበር የማመላልሰው። መንገድ ሊወጣ ነው ተባለና ይሄ ሰውዬ ያን ማሽን ይዞ መጣ። መሐንዲሱ የተከለው ችካል ቀጥ ብሎ በቀዝቃዛው ምንጭ ላይ ነበር የሚያልፈው። ይሄ ደግሞ ምንጩ ጋ ሲደርስ ሞተሩን አጠፋ፣ ወረደ፣ ቁጭ አለ። ውሃ ላይ አፈር አልገፋም አለ። ሁለት ቀን ሙሉ ቁጭ።»

«አንድ ቀን ተኩል ነው» አሉ አባባ።

«ሁለት ቀን ነው። ምሳህን ያመላለስኩት እኔ ነኝ።»

«ራትም ነበረው።»

«ራትም እኔ ነኝ። ከዚያ መሐንዲሱ ከማርቆስ ተጠርቶ መጣ። ተቆጥቷል፤ ፊቱ በርበሬ መስሏል። ከሥራ አባርርሃለሁ ይላል። ኃይሌ በጣሳ ከምንጩ ቀዳና ሰጠው። መሐንዲሱ ከታች ድረስ በእግሩ ስለወጣ ጠምቶታል። ጭልጥ አደረገው።»

ጋሽ አብዱልቃኒ ቆም አሉ። ሽማግሌዎቹ የሚመጣውን ስለሚያውቁ ከወዲሁ መንፈቅፈቅ ጀምረዋል።

«ከዚያ አገሳ» አሉ። «ግሳቱ ገደሉ ድረስ ወርዶ ተመለሰ። መሐንዲሱ ጣሳውን አየ፣ ምንጩን አየ፤ ድገመኝ አለ። ሦስት ጣሳ ጠጣ። በማግስቱ ችካሉ ዞረ።»

ሽማግሌዎቹ ይህን ታሪክ ስንት ጊዜ እንደሰሙት አይታወቅም፤ አንደኛው ግን እንባውን በጋቢው ጫፍ ይጠርግ ነበር። አባባም አፋቸውን ከፍተው እየሳቁ ነበር። የኔአለም የጎደሉትን ሁለት የጎን ጥርሶቻቸውን ያን ዕለት ገና አየቻቸው። ሁለት ዓመት በአንድ ቤት ሲኖሩ እሷ ከትምህርት ቤት ገብታ ቴሌቪዥኑን ትከፍትላቸውና ወደ ክፍሏ ትሄዳለች። ቴሌቪዥኑ ላይ ምን እንደሚያዩ እንኳ አታውቅም።

ከሰዓት በኋላ የሴቶች ተራ ነው። ከጀነት ጋር እስከ አንገታቸው ሙቁ ውሃ ውስጥ ገብተው ጉዳዩን አወሩት።

«ዋሺና ይቆዩ። ምን ችግር አለው?» አለች ጀነት።

«ከዋሸሁ እኔም አብሬ እቀራለሁ። መቅዲ ትገድለኛለች፤ የቡድኑ አምበል እሷ ናት።»

«እንግዲያው እውነቱን ተናገሪ።»

«እውነቱን ከተናገርኩ ደግሞ እሳቸው ባጃጅ ሊቆጥሩ ይወርዳሉ። እኔ ለጨዋታዬ ብዬ አሳልፌ የሰጠኋቸው ነው የሚመስለው።»

«ለጨዋታሽ ብለሽ ነው እንዴ?»

የኔአለም ውሃውን በእጇ ወዲያ ወዲህ አደረገችው። «ትንሽ» አለች።

«እኔ ብሆን ኔትወርክ የለም ብዬ እዘጋዋለሁ» አለች ጀነት።

«አቦ፣ አንቺ ደግሞ።»

እናቷ የምትደውለው ሁልጊዜ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው። ኔትወርክ ደህና የሚሆነው ከሱቁ በረንዳ ጫፍ ስለሆነ የኔአለም እዚያ ቆማ ጠበቀች። አባባ አግዳሚው ላይ ብቻቸውን ተቀምጠው፣ የከዘራቸው ጫፍ ላይ የደረቀ ጭቃ በጥፍራቸው ይፍቁ ነበር። ጠዋት ያሉትን አልደገሙትም። ስልኩ ሲጮኽም ቀና አላሉም።

እናቷ እንደ ልማዷ መጀመሪያ ስለ ምግብ፣ ቀጥሎ ስለ ብርድ ጠየቀች። ከዚያ «ጉልበታቸውስ?» አለች።

«ድኗል፣ እማዬ» አለች የኔአለም። «ማክሰኞ ነው የዳነው። ዛሬ ሠላሳ ስምንት ደረጃ ሳያርፉ ወጥተዋል። ባልዲ ይዘው።»

የአያቷ ጥፍር ቆመ።

«እሰይ። እሰይ የኔ ልጅ። በቃ ነገ በጠዋቱ መኪና ...»

«ቆይ እማዬ፣ አልጨረስኩም። እንዳታስመጫቸው።»

ከዚያ በኋላ ነገሩን በቅደም ተከተል መናገር አቃታት። ግሬደሩን፣ ጣሳውን፣ የመሐንዲሱን ግሳት፣ የሽማግሌዎቹን ሳቅ፣ ባጃጆቹን አደባልቃ አወራችው። እዚህ ሰው ሁሉ ኃይሌ ግሬደር ብሎ እንደሚጠራቸው ነገረቻት። ደረጃ ሲወጡ እንደሚያፏጩም ነገረቻት።

«ያፏጫሉ?» አለች እናቷ።

«ያፏጫሉ።»

የእናቷ ድምፅ ቀጠነ። «እማማ ካረፈች ወዲህ ሰምቼ አላውቅም።» ወዲያው ግን እንደገና ነርስ ሆነች። «እሺ ስሚኝ። አንቺ ቅዳሜ ጨዋታ አለብሽ። እኔ እሑድ ረፋድ ላይ ከፈረቃ ወጥቼ ልመጣ እችላለሁ። በመካከል ሁለት ሌሊት አለ። አብረሻቸው የሰነበትሽው አንቺ ነሽ፤ እኔ አላየኋቸውም። ብቻቸውን መሆን ይችላሉ? አንቺ የምትዪኝን ነው የማደርገው።»

ይችላሉ ማለት ቀላል ነበር፤ አባባም ደስ ይላቸዋል፣ እሷም ፍጻሜዋን ትጫወታለች። ግን ክረምት ላይ መታጠቢያ ቤቱ ወለል ላይ ያገኘቻቸው እሷ ነበረች።

«አምስት ደቂቃ ስጪኝ፤ እኔ እደውላለሁ» አለችና ዘጋች።

ሄዳ አግዳሚው ላይ ተቀመጠች።

«ነገርሻት» አሉ አባባ።

«ነገርኳት። አሁን የምጠይቅዎትን እውነቱን ነው የሚመልሱልኝ።»

አያቷ ከዘራውን ወደ ጎን አደረጉ። ፊታቸው ላይ ፈገግታ እንደ መምጣት ብሎ ነበር፤ ስታያቸው ግን አጠፉት።

«ሌሊት ሲነሡ መብራት ያበራሉ?»

«አላበራም። አንቺን እንዳልቀሰቅስሽ ብዬ ነው።»

«እሺ። የደም ግፊት ኪኒንዎን በዚህ ሳምንት ስንት ቀን ረሱ?»

«አንድ ቀን።» አሰቡ። «ሁለት።»

«ጠዋት ደረጃው እርጥብ ሆኖ ሳለ ወርደው ያውቃሉ?»

«በየቀኑ» አሉ አያቷ፣ ዓይናቸውን መንገዱ ላይ ተክለው። «ማለዳ ውሃው ንጹሕ ነው።»

ከሱቁ ውስጥ ጋሽ አብዱልቃኒ አንገታቸውን አወጡ። ሁሉንም ሰምተው ነበር። «እኔ በንጋት ለሶላት ስነሣ በሩን አንኳኳለሁ» አሉ። «ኪኒኑንም ዓይኔ እያየ ይውጠዋል። ፀሐይ ሳትወጣ ደረጃ የሚባል ነገር የለም።»

«ማን ጠየቀህ አንተን?» አሉ አባባ።

«እኔ ልጠይቃቸው ነበር» አለች የኔአለም። «መብራቱንስ፣ አባባ?»

«አበራለሁ» አሉ አያቷ። ይህን ያሉበት ድምፅ ጠዋት ወደ ቀኝ ዞሯል ሲሉ ከነበረው ፍጹም የተለየ ነበር።

የኔአለም ወደ በረንዳው ጫፍ ተመልሳ ደወለች። እናቷ ገና በመጀመሪያው ጥሪ አነሣችው።

«ይችላሉ» አለች የኔአለም። ስለ መብራቱም፣ ስለ ኪኒኑም፣ ስለ ደረጃውም ምንም ሳትደብቅ ነገረቻት፤ ከዚያም ማን ምን እንደተስማማ። «እኔ ነገ በከሰዓቱ መኪና እወርዳለሁ። ኪኒናቸውን መውሰዳቸውን በስልክ እጠይቃለሁ።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

አያቷን ዞራ አየቻቸው። ከጋሽ አብዱልቃኒ ጋር ሁለት ቀን ነው፣ አንድ ቀን ተኩል ነው የሚለውን ክርክር እንደገና ጀምረዋል።

«እርግጠኛ ነኝ» አለች። «አንቺ እሑድ ስትመጪ ፎጣ ያዢ። የሴቶች ተራ ከሰዓት በኋላ ነው።»