የኦመር ቆርቆሮዎች

የጥበቃው የነብዩ አስከሬን አሶሳ በሚገኝ አንድ መሥሪያ ቤት ግቢ፣ ከኦመር ሻይ ቤት በረንዳ ላይ ተዘርግቷል። ስኒው አጠገቡ ወድቋል። ኢንስፔክተር ብሩክታይት ስኒውን አሽትታ ወደ ዓይነ ስውሩ ባለሻይ ቤት ዞረች።

«ምን ጠጣ?»

«ቡና በጨው። እዚህ ግቢ በጨው የሚጠጣ እሱ ብቻ፤ የባምባሲ ልጅ ነው፣ ከቤቱ የለመደው። ሌላው ሁሉ ሻይ በስኳር። ወላሂ፣ ወንድሜ ነበር!»

እውነቱን ነው። በመንግሥት ግቢ ምግብ ለመሸጥ ዓይነ ስውራን ቅድሚያ ያገኛሉ የሚለው መመሪያ ሲወጣ፣ ኦመርን እጁን ይዞ ያስመዘገበው ነብዩ ነበር። አሁን የኦመር እንጀራም ነፃነቱም ከዚያች ስኒ ላይ ተንጠልጥሏል።

ዕቃ አጣቢዋ የዝናሽ አልደበቀችም። «ነብዩ ትናንት ሰድቦኛል፤ እግዜር ይይለት ብዬ ተውኩት። ጓዳ የምንገባው እኔ፣ ኦመርና ጋሽ ዋኘው ነን።»

ዋኘው ከኦመር በፊት የሻይ ቤቱ ጌታ የነበረ፣ ዛሬ ዳቦ አቅራቢ የሆነ ሰው ነው። ሳይጠየቅ ጮኸ።

«ስኳሩን ይመርምሩ፤ የአይጥ መርዝ ያገኙበታል! ዕውር በምን ይለየዋል? መመሪያው ሰው ፈጀ!»

ብሩክታይት ጓዳ ገባች። «ኦመር፣ ጨዉን ያምጡልኝ።»

ኦመር መደርደሪያውን ዳብሶ ክዳኑ የተጣመመውን ቆርቆሮ አነሳ። ኢንስፔክተሯ የተለጠፈበትን ጽሑፍ አነበበችና ፈገግ አለች።

የምርመራው ውጤት እንደመጣ ሦስቱንም በረንዳው ላይ ሰበሰበቻቸው።

«መርዙ ጨዉ ውስጥ ነው። በስኳር የጠጡት ሁሉ ደህና ናቸው። አቶ ዋኘው፣ ሟቹ ምን እንደጠጣ ሳይጠይቁ ወደ ስኳሩ የጠቆሙኝ ለምንድን ነው?»

«እንዲያው… ገምቼ።»

«አልገመቱም፤ አነበቡ። ይኸው የጨዉ ቆርቆሮ፤ ላዩ ላይ ግን ስኳር ይላል። በእርስዎ ዘመን የለጠፉት እርስዎ ነዎት። ኦመር የሚለየው በክዳኑ ስለሆነ ጨዉን እዚህ ውስጥ አደረገ። የዝናሽም ጨው ከየትኛው ቆርቆሮ እንደሚወጣ በየቀኑ ታያለች። ስኳር ነው ብሎ መርዝ ሊጨምርበት የሚችል የራሱን ጽሑፍ ያመነ ሰው ብቻ ነው።»

ቂም ተይዞ ጸሎት፣ ሳል ተይዞ ስርቆት ይባላል፤ ዋኘው ሳሉ አመለጠው።

«ልገድል አይደለም! ጠጪዎቹን ሆዳቸውን ሲቆርጣቸው ኦመርን ያባርሩታል ብዬ ነው! ቤቴን ተነጥቄ ዝም ልበል?»

ኦመር በድምፁ ተመርቶ ቀረበው።

«እስር ቤት ቡና እኔ አመጣለሁ። በጨው፣ ነብዩ እንደሚጠጣው። እስክትሞት ጠጣ እልሃለሁ።»

ቃሉን ጠበቀ። በየሳምንቱ ከጁምዓ ሶላት በኋላ ፔርሙዙን ይዞ ማረሚያ ቤት ይሄዳል፤ ቡናውን ራሱ ቀድቶ፣ ራሱ ቀምሶ ያቀርብለታል። ዋኘው እስከ ዛሬ አንድም ቀን አፉ አላደረሰውም።