ሁለቱም ደህና ናቸው

እኔ እኮ እንዲህ ዓይነት ወሬ ሲወራ ከሁሉ ቀድሜ የምስቅ ሰው ነኝ፣ ዳንግላ ከተማ መድኃኒት ቤት ነው የምሠራው፣ አንድ ሰው መጥቶ "ድምፅ ሰማሁ፣ ጥላ አየሁ" ሲለኝ መጀመሪያ የምጠይቀው ኪኒኑን ከምግብ በፊት ነው ወይስ በኋላ የወሰድከው ብዬ ነው፣ እመኑኝ፣ አሁንም ያው ነኝ። ይህችን አንዲት ነገር ግን እንዳየኋት ልንገራችሁና ከዚያ የፈለጋችሁትን በሉኝ። ደግሞ እንዲህ ያለው ነገር የሚሆነው በጨለማ ነው የሚባለውን አትስሙ፣ የእኔ የሆነው በጠራራ ፀሐይ፣ ለምሳ የተቀቀለ ድንች እየላጥኩ ነው።

ወላጆቼ ዘንገና ሐይቅ አጠገብ ነው የሚኖሩት። አባቴ ዳማ የምትባል ባዝራ ፈረስ አለችው፣ እኛን ልጆቹን በአማርኛ ይቆጣናል፣ እሷን ግን ጎንበስ ብሎ በአገውኛ ነው የሚያጫውታት፣ ምን እንደሚላት ስንጠይቀው "የእኛ ጉዳይ ነው" ይላል። ዘንድሮ በጥር ለፈረሰኞቹ በዓል እንጅባራ ሲወጣ ዳማን አልጋልባትም ብሎ የጎረቤት ፈረስ ተዋሰ፣ እኛም እርጅና ነው ብለን ሳቅንበት።

በየካቲት አንድ ቀን እናቴ ደወለችልኝ። "ዳማ ገመዷን በጥሳ ጠፍታለች፣ አባትሽ እህል አልቀምስም ብሏል፣ ቶሎ ነይ" አለችኝ። ስደርስ ሦስተኛ ቀኗ ነበር፣ ጥርባ ድረስ ተፈልጋለች፣ ሌባ ወስዷት ይሆናል ተብሎ አዘና ገበያ ሰው ተልኳል፣ የለችም፣ ጅብ በልቷታል የሚሉም ነበሩ። አባቴ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኝቷል። ደም ግፊቱን ለካሁት፣ ደህና ነው፣ ስኳሩንም አየሁት፣ ደህና ነው፣ ለፈረስ ናፍቆት የሚሆን ኪኒን ደግሞ መደርደሪያችን ላይ የለም። ያን ጊዜ ፈራሁ፣ በዚያ ዕድሜ እህል የተወ ሰው እንዴት እንደሚሆን አውቃለሁና አባቴን ላጣው ነው ብዬ ከልቤ ፈራሁ።

እናቴ በመሠረተ ትምህርት ዘመን ፊደል የቆጠረች ናት፣ ጨርቅ አልብሳ የምታኖራት አንዲት መጽሐፍ ቅዱስ አለቻት፣ ሲጨንቃት አማትባ በመጣላት ቦታ ትገልጣታለች። የንስሐ አባታችን "መጽሐፍ ይነበባል እንጂ አይጠነቆልበትም" እያሉ ስንቴ ተቆጥተዋታል፣ እሷ ግን መች ትሰማለች። ያን ቀን በራፉ ላይ ቁጭ ብለን እኔ ድንቹን ስልጥ መጽሐፏን ገለጠች፣ የመጣላት ሳኦል የአባቱን አህዮች ፍለጋ የተንከራተተበት ታሪክ ነው። በጣቷ እየተከተለች አነበበች አነበበችና ነቢዩ ከሦስት ቀን በፊት የጠፉት ተገኝተዋል፣ አታስብ የሚለው ላይ ስትደርስ ቆመች።

"ይኸው!" አለች። "ሦስት ቀን። ተገኝተዋል።"

"እማየ፣ እሱ እኮ የሚያወራው ስለ አህያ ነው፣ የጠፋችው ፈረስ ናት።"

"አህያም ቢል እሱ ያውቃል።"

ሳቄ መጣ፣ እውነቱን ለመናገር ከሳቁም በላይ ተናደድኩ፣ ሰው እየሞተ አህያ! "እንግዲህ አንች መጽሐፍሽን ጠይቀሻል፣ እኔ ደግሞ የእኔን ልጠይቅ" አልኩና ስልኬን አወጣሁ፣ መድኃኒት ቤት ግራ ሲገባኝ የማማክረውን ኤአይ ከፍቼ የአባቴ ፈረስ ከጠፋች ሦስት ቀኗ ነው፣ የት እንፈልጋት ብዬ ጻፍኩለት። ኔትወርኩ እንደ ወትሮው ይንቀራፈፋል፣ መልስ እየመጣ ነው የሚሉት ነጥቦች ብልጭ ድርግም ይላሉ። በዚህ መካከል ደጅ ተጋድሞ የነበረው ውሻችን ብድግ አለ፣ አልጮኸም፣ ጆሮውን አቁሞ ከጓሮ ለከሰል ወደተከልነው የዲከረንስ ዛፍ ዝም ብሎ ያያል፣ ዶሮዎቹም መጫር አቆሙ። ያን ጊዜ ልብ አላልኩትም፣ አሁን ነው ትዝ የሚለኝ።

መልሱ መጣ። ለፖሊስ አመልክቱ፣ ጎረቤት ጠይቁ፣ ፎቶዋን በማኅበራዊ ሚዲያ ለጥፉ ይላል፣ እናቴ በትከሻዬ አሻግራ እያነበበች "ፎቶ ማን አንስቷት ያውቃል" ትላለች። ከሁሉ በታች ግን ብቻዋን የተጻፈች አንዲት መስመር ነበረች።

አይዟችሁ፣ ሁለቱም ደህና ናቸው።

"ሁለቱም?" አለች እናቴ ጮክ ብላ። "ሁለቱ እነማን ናቸው?"

እኔም የጠፋችው አንዲት ናት ብዬ በቁጣ ጻፍኩለት። ወዲያው መለሰ። ይቅርታ፣ ልክ ነሽ፣ ተሳስቻለሁ።

እናቴ ከዳማ መጥፋት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሆዷን ይዛ ሳቀች። "ወይ ያንች ሊቅ! ገና ቆጣ ሲሉት የሚታጠፍ! የእኔን መጽሐፍ ስንቱ ተቆጥቶት፣ አንድ ቀን ይቅርታ ሲል ሰምቸው አላውቅም።"

ሳቋ ሳያልቅ ከውስጥ የአባቴ ድምፅ መጣ። "ማነው ሁለቱም ያለው?"

ስንገባ አልጋው ላይ ተነሥቶ ተቀምጧል፣ ፊቱ ተለዋውጧል። "ማን ነገራችሁ?" አለ። "ዳማ ማርገዟን ማን ነገራችሁ?"

እኔና እናቴ ተያየን። ለካ አባቴ ዓይን እንዳይገባባት ፈርቶ ለማንም ሳይናገር ደብቆት ኖሯል፣ ሆዷን ስናይ ሳር ተስማምቷት ነው እያለ ሲሸነግለን፣ በበዓሉም ያልጋለባት ለዚሁ ነበር፣ ሦስት ቀን ሙሉ ግድግዳ ሲያይ የቆየውም የሁለት ሐዘን ይዞ ነው።

"ለእኔም?" አለች እናቴ። "ለእኔም አትነግረኝም?"

"ያንች ዓይን ነዋ ዋናው የሚያሰጋኝ።"

ሊያስቀኝ ይገባ ነበር፣ ግን ክንዴ ላይ ያለው ፀጉር ቆሟል፣ ምክንያቱም ያንን ነገር የሚያውቁት እሱና ፈረሷ ብቻ ከሆኑ ለእኔ ስልክ ማን ነገረው? ይህን እያሰብኩ ነው ኮቴው የተሰማው፣ አንድ ከባድ፣ ቀስ ያለ፣ በመካከሉ ደግሞ ሌላ ቀላል፣ ጠብ ጠብ የሚል፣ ቀርቶ ቀርቶ የሚሮጥ። አባቴ ጫማ ሳያደርግ ወጣ። ከዲከረንሱ ውስጥ ዳማ ብቅ አለች፣ ገመዷን እየጎተተች፣ ከስታ፣ ኩራቷ ግን እንዳለ ነው፣ ከኋላዋ ደግሞ እግሮቿ ገና የሚወላገዱ ውርንጭላ፣ እና እመኑኝ፣ ጆሮዋ ይሄን ያህል! አባቴ ከድንጉላ ፈረስ ያረገዘች መስሎት ሲጠብቅ ኖሯል፣ ለካ አህያ ቀድሞ ኖሮ የተወለደችው በቅሎ ናት።

አባቴ ጆሮዋን አየ፣ እኛን አየ፣ ከዚያ እንባው እስኪፈስ ሳቀ። "በቅሎን አባትሽ ማነው ቢሏት እናቴ ፈረስ ናት አለች!" እያለ የዳማን አንገት አቅፎ በአገውኛ ያወራታል። እናቴ እልልታዋን አቀለጠችው፣ በእልልታው መካከል ዞር ብላ "አህያም ቢል እሱ ያውቃል አላልኩሽም?" አለችኝ። እኔ አለቀስኩ፣ የደስታ ነው፣ አባቴ እዚያው እንደቆመ ከእጄ ድንች እየነጠቀ ያለ ጨው ሲበላ አይቼ ነው ያለቀስኩት። ጎረቤቱ ሁሉ ተሰበሰበ። ለውርንጭላዋ ስም ያወጣላት አባቴ ነው፣ ይቅርታ አላት፣ ለስልኩ መታሰቢያ መሆኑ ነው፣ ዛሬም ከሜዳው ላይ "ይቅርታ! ይቅርታ!" እያለ ሲጣራ መንገደኛው ምን አጥፍቶ ነው እያለ ቆሞ ያየዋል።

እዚህ ላይ ባልቅ ደስ ባለኝ። ያን ዕለት ግን ለጎረቤቶቹ ላሳያቸው ብዬ ስልኬን ስከፍት ፖሊሱ አለ፣ ፎቶው አለ፣ "የጠፋችው አንዲት ናት" ያልኩት አለ፣ ከሥሩ ያለው ይቅርታም አለ፣ ሁለቱም ደህና ናቸው የምትለዋ መስመር ግን የለችም። እኔ አላጠፋኋትም። ብቻዬን አይቻት ቢሆን ኖሮ ራሴንም ኪኒኑን መቼ ነው የወሰድሽው እለው ነበር፣ እናቴ ግን ጮክ ብላ አንብባታለች፣ አባቴም ከግድግዳው ወዲያ ሆኖ ሰምቷታል። እናቴ መጽሐፏን ገለጠች፣ የሳኦል አህዮች በቦታቸው ናቸው።

"ያንችኛውን ጠይቂዋ፣ ምን ብለህ ነበር በይው" ትለኛለች በሄድኩ ቁጥር። አልጠየቅኩትም። አላልኩም ቢለኝ እፈራለሁ፣ ብያለሁ ቢለኝ ደግሞ የባሰ እፈራለሁ። የመድኃኒት ጥያቄ ግን አሁንም እጠይቀዋለሁ፣ ብቻ ሲሳሳት አልቆጣውም።