የግራ ጎማ ዳዶዎች

ሰፈሩ «ኦሪጅናል» እያለ የሚጠራው ሽማግሌ፣ ዕድሜውን የሰጣት ጂፕ ደረቱ ላይ አርፋበት ሞቶ ተገኘ። ያገኘው አብሮት የሚሠራው መካኒክ ነው፤ ጠዋት ከመንገድ ሲገባ። መኪናዋን በክሪክ አንስቶ፣ ሰውዬውን በብብቱ ይዞ ጎትቶ አውጥቶ፣ ትንፋሽ እንደሌለው ሲያውቅ አጠገቡ ቁጭ ብሎ ቀረ። ፖሊስ ሲደርስም እዚያው ነበር። እንግዲህ ክሪኩ ላይ ያለው አሻራ የማን ይሆን? የሱ ነዋ! የጣቢያው አዛዥም ከዚህ ሌላ መስማት አልፈለጉም።

«ሳይመሽ መካኒኩን አምጪልኝ» አሏት ኢንስፔክተሯን በስልክ።

«አመጣዋለሁ ጌታዬ። ግን ትንሽ ልይ።»

«ምኑን ነው የምታይው? እጅ ከፍንጅ አይደል እንዴ!»

ስልኩን ኪሷ ከተተች። ኢንስፔክተሯ ወፍራም፣ ረጋ ብላ የምትናገር፣ ነገር ካልገባት ግን ቢጎትቷት የማትነቃነቅ ሴት ናት። በዓለም ላይ አንድ የምትጠላው ነገር ቢኖር ጠባብ ቦታ ነው። ይህ ቤት ደግሞ፣ ጉድ እኮ ነው! ከመንገዱ በትልቁ የብረት በር ላይ በተቆረጠች ትንሽ በር ጎንበስ ብሎ ይገባል፤ ከዚያ ጋራዡ ነው፤ ጋራዡን ጂፗ ሞልታዋለች። መኖሪያው ከላይ ሆኖ ደረጃው ከጋራዡ ጥግ ስለሚነሳ፣ ከቤት የሚወጣም ወደ ቤት የሚገባም በመኪናዋና በግድግዳው መካከል በጎኑ ተሹለክልኮ ነው የሚያልፈው። ሌላ መውጫ የለም። ኢንስፔክተሯ ሆዷን ስባ ስታልፍ አብሯት የመጣው ሳጅን ፊቱን አዙሮ ሳቀ።

«ሳቅ፣ ሳቅ፤ አንተም ይህን ዕድሜ ትደርሳለህ» አለችው።

«ኦሪጅናል» የሚለው ስም ለሟቹ በከንቱ አልወጣለትም። ያቺን አሮጌ ጂፕ ከፋብሪካ እንደወጣችበት ቀን አደርጋታለሁ ብሎ፣ የሷ ያልሆነች አንዲት ብሎን ካየ ነቅሎ ይጥላል። ሰው ቤት ሻይ ቢቀርብለት ስኳሩን «ኦሪጅናል ነው?» ይላል እያሉ ያሙት ነበር።

ኢንስፔክተሯ መሬቱን ማየት ጀመረች። የፊት ግራ ጎማ ወልቆ ግድግዳው ላይ ተደግፏል። ከመኪናዋ ስር፣ አቧራና ዘይት በተቀላቀለበት ሲሚንቶ ላይ፣ ጎማ ተኝቶበት የነበረ ክብ ምልክት አለ፤ ከዚያም እስከ ግድግዳው ድረስ የተጎተተ ነገር መስመር። የተደገፈው ጎማ ጠርዝ ላይ ሰማያዊ ነገር ነካ ነካ አድርጎታል።

«ቀለም ነው» አለ ሳጅኑ።

«ይሆናል» አለች። ካቴና ገብቶለት አሮጌ ባትሪ ላይ ወደተቀመጠው መካኒክ ዞረች። «አንተ ልጅ፣ ጎማ ስታወልቁ የት ነው የምታስቀምጡት?»

«ከመኪናዋ ስር እናስተኛዋለን። ክሪኩ ቢከዳ እንኳ መኪናዋ ጎማው ላይ ታርፋለች፤ ሰው አትነካም። ጋሼ ያለዚያ ከስር አይገባም፤ እኔንም አያስገባኝም።»

«ታዲያ ማን ወደ ግድግዳው ወሰደው?»

መካኒኩ ጎማውን አየ፤ ምልክቱን አየ። ክው አለ። «አላውቅም» አለ ቀስ ብሎ። «ትናንት ጠዋት ነው የሄድኩት። ኦሪጅናል መሪ ተገኘ ብለውኝ ሌላ ከተማ ሄጄ፣ መናኸሪያ አድሬ ነው የመጣሁት። ስመጣ እንዲህ ሆኖ አገኘሁት።»

«መናኸሪያ ማደርህን ያየ ሰው አለ?»

«መናኸሪያ ውስጥ ማን ማንን ያያል፣ ኢንስፔክተር?»

እውነቱን ነው፤ ግን እውነት ብቻውን ከእስር አያስጥልም። መኪናዋ በክሪክ ስህተት አልወደቀችም፤ ሰው ጎማውን ስቦ፣ ክሪኩን ጥሎ ገድሏል። ገዳዩ ካልተገኘ ይሄ ልጅ ዕድሜ ልኩን እስር ቤት ሊበላው ነው።

የሟቹን ታናሽ ወንድም ከላይ፣ ከአንዲት ትንሽ ክፍል አልጋ ላይ ተቀምጠው አገኘቻቸው። ከዘራቸው ጉልበታቸው መካከል ነው፤ የጫማቸው ማሰሪያ ተፈቷል።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ወገቤ አይታጠፍም። ጫማዬን የምታስርልኝ የወንድሜ ልጅ ናት፤ ዛሬ የት ታስታውሰው» አሉ።

«ከወንድምዎ ጋር ትጣሉ ነበር አሉ።»

«ይሄን ጋራዥ ለምን አናከራየውም አልኩ እንጂ ምን አጣላን! ጠብ ከተባለ ያቺን መኪና ጠይቁ። ልጁን ለመካኒኩ ሊድር፣ ‹መኪናዋ ስታልቅ፣ በሷ ሙሽሮቹን ራሴ እየነዳሁ እወስዳለሁ› ብሎ ቃል ገባ። መኪናዋ ስንቴ አለቀች መሰለዎት! ባለቀች ቁጥር ‹ይሄ ኦሪጅናል አይደለም› ብሎ አንድ ነገር ይነቅላል፤ እንደገና ሀ ተብሎ ይጀመራል። ሁለቱ ልጆች እኮ እዚህ አረጁ።»

«ትናንትስ?»

«ከሰዓት አንድ ዕቃ በፖስታ መጣለት። ደስታው ለጉድ ነበር። ከዚያ እኔ ሬዲዮዬን ከፍቼ ተኛሁ፤ ምንም አልሰማሁ። ብሰማስ?» ዓይናቸው እንባ አቀረረ። «እሷን አይንኩብኝ፤ ከሷ ሌላ ሰው የለኝም።»

ልጅቷ ከደረጃው ራስ፣ ጋራዡን ቁልቁል በምታይ ጠባብ ሰገነት ላይ የስፌት መኪናዋን ዘርግታለች። ልብስ ሰፊ ናት። አንገቷ ላይ ሜትር ተንጠልጥሏል፤ መቀስና ሰማያዊ የጨርቅ ጠመኔ ጠረጴዛው ላይ ተበትኗል። ዓይኗ በለቅሶ አብጧል፤ ድምፅዋ ግን ቀጥ ያለ ነው።

«አባዬን ማን እንደገደለው አላውቅም» አለች። «እሱ ግን አልገደለውም። እባክዎን ይፍቱት።»

«አባትሽ መኪናዋን ሲሠራ ታግዢው ነበር?»

«ልጅ ሆኜ መፍቻ የማቀብለው እኔ ነበርኩ። መጨረሻ ጊዜ አልቃ ከፈታት ወዲህ ግን እጄን አላሳረፍኩባትም። በአጠገቧ ማለፍ ስላለብኝ አልፋለሁ እንጂ ዞሬ አላያትም። ትናንትም አልወረድኩም።»

«አልፈርድብሽም» አለች ኢንስፔክተሯ፤ ከልቧ ነው ያለችው። ከዚያ ወደ ታች ጮኸች። «ሳጅን! የኋላ ግራው ጎማ ዳዶዎች አዲስ ይመስሉኛል፤ በቀኝ በኩል ያሉት ግን የዛጉ ናቸው። እስቲ አንዱን ፈትተህ አሳየኝ!»

ሳጅኑ የጎማ መፍቻውን ዳዶው ላይ ሰካ። ገፋ። ተንጠለጠለበት። ፊቱ በርበሬ መሰለ፤ ዳዶው ንቅንቅ አላለም። በእግሩ ሊቆምበት ሲል ልጅቷ ብድግ አለች።

«ኧረ ቀለሙን ልትልጠው ነው! ተው፣ ተው!» ደረጃውን ሮጣ ወረደች፤ መፍቻውን ከእጁ ነጠቀችና በሌላኛው አቅጣጫ አንዴ ገፋችው። ዳዶው ዞረ። ፈትታ መዳፉ ላይ አኖረችለትና ልቧ ወደ ሐዘኗ ተመልሶ፣ አንገቷን ደፍታ ወደ ላይ ወጣች።

ሳጅኑ አፈረ። ኢንስፔክተሯ ዳዶውን ከመዳፉ አንስታ አገላብጣ አየችው።

ዘወር ዘወር ለማለት ወደ ብረቱ በር ሄደች። አየር ያጠራት መስሏት ትንሿን በር ከፍታ ቆመች፤ ያኔ ነው በትልቁ በር ግራና ቀኝ ምሰሶ ላይ ሰማያዊ ጭረት ያየችው። ጎንበስ ብላ ወደ መኪናዋ አየች፤ በሁለቱም የፊት ክንፎቿ ላይ እዚያው ከፍታ ላይ እንዲሁ ተጭሯል። ሳጅኑን ሜትር አስመጥታ በሩን አስለካችው፤ ቀጥሎ መኪናዋን። ቁጥሩን ሲነግራት እንደገና እንዲለካ አዘዘችው። ቁጥሩ ያው ነው።

«የሰው ክፋት!» አለች ለራሷ።

ከዚያ የመካኒኩን ካቴና ፈታችለት። «ና፤ ከዚህ ከኋላ ግራው ጎማ አንድ ዳዶ ፍታልኝ።»

ልጁ ግራ እየገባው መፍቻውን ሰካና፣ ዕድሜውን ሙሉ ዳዶ እንደፈታበት አቅጣጫ፣ ገፋ። እምቢ አለው። ብልሃተኛ ነው፤ ክብደቱን ሁሉ ጣለበት። ጧ! ብሎኑ ተቆርጦ ዳዶው ከነጉማጁ መሬት ላይ ተንከባለለ። አንስቶ አየውና ልክ ጣቱ የተቆረጠ ይመስል አቃሰተ።

«ኦሪጅናሎቹ መጡ እንዴ?» አለ። «የዚህች መኪና የግራ ጎን ኦሪጅናል ዳዶዎች እኮ በተቃራኒው ነው የሚፈቱት! እኔ ስሄድ እነዚህ አልነበሩም፤ የሌላ መኪና ነበር የተገጠመላት። ምነው ሳትነግሩኝ… ከየት ነው ሌላ የማመጣው አሁን?»

«ማን ያውቃል ታዲያ በተቃራኒው እንደሚፈቱ?»

«የገጠማቸው ሰው ነዋ። ጋሼና አብሮት የ…» አቋረጠ። ወደ ሰገነቱ ቀና አለ። ፊቱ አመድ መሰለ። ሁለቱን እጆቹን ዘረጋ። «እኔ ነኝ የገደልኩት። እሰሪኝ።»

«አንተ ደግሞ» አለች ኢንስፔክተሯ «ውሸት አትችልበትም።»

ሁሉንም መኪናዋ ዙሪያ ሰበሰበቻቸው፤ መሰብሰብ ከተባለ። አጎትየው ደረጃው ላይ ተቀመጡ፤ ልጅቷና መካኒኩ በመኪናዋና በግድግዳው መካከል ተጣበቁ፤ ሳጅኑ በሩ ጋ። ማንም ሌላውን ሳይነካ መዞር አይችልም።

«ይሄ ልጅ አልገደለም» ብላ ጀመረች። «አዲሶቹ ዳዶዎች የመጡት እሱ ከሄደ በኋላ ነው። ተመልሶ መጥቶ ቢሆን፣ ሽማግሌው ለዚህ ቤት ከዚያ የበለጠ ምሥራች የለውምና ከሰላምታ በፊት ያሳየው ነበር። አሁን ግን በፊቴ ኦሪጅናል ብሎን ሰበረ። ሰው ገድሎ ንጹሕ ሊመስል የፈለገ መካኒክ ብዙ ነገር ያደርጋል፤ ይሄን ግን አያደርግም።»

አጎትየው በረዥሙ ተነፈሱ።

«እርስዎም አይደሉም፤ ያን ጎማ ከመኪና ስር የሳበ ሰው ወገቡ ይታጠፋል። ጎማው ላይ ደግሞ ሳጅኔ ‹ቀለም ነው› ያለው ሰማያዊ ነገር አለ። ቀለም አይደለም፤ የልብስ ሰፊ ጠመኔ ነው። በሩ ላይም አለ፤ መኪናዋም ላይ አለ።» ወደ ልጅቷ ዞረች፤ ድምፅዋ ዝቅ አለ። «ልጄ፣ እጄን አላሳረፍኩባትም አልሽኝ። እጅሽ ግን ትናንት ከሰዓት የመጣውን ዳዶ በየት በኩል እንደሚፈታ ያውቃል። ትናንት እዚህ ነበርሽ። መፍቻ አቀበልሽው። ከዚያ ምን ለካሽ?»

«እኔ ነኝ አልኩ እኮ!» አለ መካኒኩ።

«ተው» አለችው ልጅቷ። «ተው፣ ይበቃል።»

ጀርባዋን ግድግዳው ላይ አስደገፈች።

«ዳዶዎቹ ሲመጡ ‹አሁን አለቀች› አለኝ። ‹የኋላዎቹን ገጥመን የፊቱን ስንጨርስ አለቀ› አለኝ። እኔም አመንኩት፤ ወርጄ አገዝኩት። የፊቱን ጎማ ሲያወልቅ ለሰርጉ ቀን ጥብጣቡን የት የት እንደማስር ሜትሬን አውጥቼ መለካት ጀመርኩ። መኪናዋን ለካሁ። እግረ መንገዴን በሩን ለካሁ።» ሳቀች፤ ሳቁ አያምርም። «አባዬ ከስር ተኝቶ የመሪውን ሳጥን ያያል። ‹አባዬ፣ ይቺ መኪና እኮ በዚህ በር አትወጣም፤ በሩ ይጠባል› አልኩት። ‹ማን ትወጣለች አለሽ?› አለኝ።»

አጎትየው ፊታቸውን በእጃቸው ሸፈኑ።

«‹ሰርጉስ?› አልኩት። ‹እዚሁ ናችሁ፤ ምን ጎደለሽ?› አለኝ። ከዚያ ‹የመሪው ሳጥንም ኦሪጅናል አይደለም፤ ነገ እንፈታዋለን› ብሎ እያፏጨ መብራቱን አቀብዪኝ አለኝ። ጎማውን ሳብኩት። ምን እያደረግሽ ነው እንኳ አላለኝም፤ መብራቱን የማቀብለው መስሎታል። ክሪኩን በእግሬ ገፋሁት።»

ኢንስፔክተሯ ካቴናውን በእጇ ይዛ ለመዘርጋት አልቸኮለችም።

ልጅቷ ወደ መካኒኩ ዞረች። ድንገት የመጣላት ነገር ነበር። «አንተስ? የብረቱ በር ሲገጠም እዚህ ነበርክ አይደል? መጥበቡን አላየህም?»

መካኒኩ መሬት መሬት አየ።

«ንገረኝ እንጂ!»

«ለበያጁ የለካሁለት እኔ ነኝ» አለ። «ጋሼ በዚህ ልክ አድርግ አለኝ፤ ለማንም እንዳትናገር አለኝ። ዓመት አለፈው። ብነግርሽ ጥለሽን ትሄጃለሽ ብዬ ፈራሁ።»

ልጅቷ እጆቿን ለኢንስፔክተሯ ሰጠች።

«እሄድ ነበር» አለችው። «አንተን ይዤ።»